የመምህር አናሲሞስ ነሲብ ረጅም መንገድ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ስለ አንድ የቀድሞ መምህር ሕይወት እንጽፍ ዘንድ በተፈቀደልን ጊዜ፥ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ከሃያ ዓመት በላይ ደጅ የጠኑትን ሰው መረጥን። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ ሁሩሙ በሚባለው ስፍራ አጠገብ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙንም ሂካ አሉት። ሂካ በኦሮምኛ የሚፈታ ማለት ነው፤ ቋጠሮ ለሚፈታም ቋንቋ ለሚተረጉምም ቃሉ አንድ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ወደ ፊት የሚሆነውን ከየት ያውቁታል! ልጁ ገና በሕፃንነቱ አባቱን አጣ። ቀጥሎም ባሪያ ፈንጋዮች ከወገኖቹ ነጥቀው ወሰዱት፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠም እስከ ቀይ ባሕር ዳር ደረሰ። በ1870 ምጽዋ ላይ ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በ1872 የትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ፤ ይኸውም ጳውሎስ በፊልሞና መልእክቱ የለመነለት የዚያ ባሪያ ስም ነው።

ከዚያ ወደ ስዊድን ተልከው በስቶክሆልም አምስት ዓመት ተምረው መምህር ሆኑ። በ1881 ወደ ምጽዋ ተመልሰው ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አገቡ፤ ወዲያውም ለጉዞ ተነሡ። የደጋው መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር በሱዳን ዞረው ሄዱ፤ አሶሳም ደረሱ። ካርታ ዘርግተን ብንመለከት፥ ካለፉት በረሃ ጋር ሲተያይ እስከ ትውልድ አገራቸው የቀረው መንገድ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልተቻለም፤ ንዳድም ያዛቸው። በ1882 በሚያዝያ ወደ ካርቱም ሲመለሱ ደግሞ የማህዲ ዐመፅ ተነሥቶ አገሩ ይታወክ ነበር። እንደ ምንም ተርፈው ከተነሡበት ቦታ ተመለሱ። ኋላም በሸዋ በኩል ለመግባት የተደረገው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ።

የአንድ ፈተና ውጤት ጥቂት ሳምንት ሲዘገይ መጽሐፍ መግለጥ የሚያስጠላን እኛ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። መንገዱ በሚመጣው ዓመት ይከፈታል ወይስ ከቶ አይከፈትም፥ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ተቀምጠው፥ መንገድ ቢከፈትም ባይከፈትም ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ያዙ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ።

ሥራው እኛ እንደምናስበው ቀላል አልነበረም። መምህሩ ከወገኖቻቸው የተለዩት በልጅነት ስለ ሆነ፥ የያዙት ኦሮምኛ የልጅ ኦሮምኛ ነበር። ልጅ ውሃ፥ እሳት፥ ጥጃ ማለትን ያውቃል፤ ሽማግሌዎች ሲፈርዱና ሲያስታርቁ የሚናገሩትን ግን ከየት ያመጣዋል? የጎደለውን የሞላች አንዲት ልጃገረድ ናት። አስቴር ጋኖ እንደ እሳቸው በባርነት ተሽጣ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ፥ በ1886 ኢጣልያኖች አስጥለዋት ወደ እምኩሉ መጣች። እርስዋ ቋንቋውን አልረሳችም ነበር። ከትዝታዋ ብቻ ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶች፥ እንቆቅልሾች፥ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ጻፈች፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላትም አዘጋጀች። ከተረቶቹ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ገብተዋል። ሆኖም ስሟ ከመምህሩ ስም ጋር እኩል ሲነሣ አንሰማም፤ ይህ በእኛ አስተያየት ትክክል አይደለም።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታትሞ ወጣ፤ ፊደሉም የግእዝ ፊደል ነበር። መጽሐፉ ሲያልቅ እንኳ ተርጓሚው ገና በስደት ነበሩ።

በመጨረሻ በ1904 ወለጋ ገቡ። በመጀመሪያ በቦጂ፥ ቀጥሎም የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀብለዋቸው በነቀምት በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። መከራቸው በዚህ ያበቃል ያለ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ተከሰው ከአካባቢው እንዲባረሩ ተፈረደባቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው፥ እንዳይሰብኩ አዝዘው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። ያን ሁሉ ዘመን የናፈቁት አገር ውስጥ ሆነው አፋቸው ተዘጋ፤ ይህ ከበረሃው ሳይከብድ አይቀርም። የማስተማር ሥራቸውን ግን አልተዉም፤ ፊደል የሚቈጥሩ ልጆች ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር።

ልጅ ኢያሱ በ1916 የመስበክ ፈቃድ ሲሰጧቸው ዕድሜያቸው 60 ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚያም በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት በዚያው በነቀምት ኖሩ፤ በጁን 21 ቀን 1931፥ በዕለተ እሑድ ዐረፉ።