ሦስት ቃል የጠፋበት ጓጉንቸር ሠሪ

 

ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ! በአጅባር፣ በመካነ ሰላም ወይም በከላላ ሆነህ ቁርኣን መቅራት የጀመርከው ሃያ ዓመት ካለፈህ በኋላ ይሆናል። አጠገብህ የተቀመጠው የሰባት ዓመት ልጅ ገጹን ሲያንበለብለው፣ አንተ አንዱን ሐርፍ ከሌላው ለማገናኘት ታምጣለህ። ያልብሃል። ከዚያ ታፍርና ኡስታዙ ዘንድ መሄድ ታቆማለህ። ዛሬ የማጫውትህ ካንተም ዘግይቶ ስለጀመረ፣ ካንተም ይልቅ ስለከበደው ሰው ነው።

ስሙ ዐብዱላህ ኢብኑ አሕመድ ነው፤ ዑለማዎች አቡ በክር አል-ቀፋል አል-መርወዚ ይሉታል። አገሩ መርው፣ ዛሬ ቱርክሜኒስታን በምትባለው አገር ውስጥ የነበረች ታላቅ ከተማ ናት። ቀፋል ማለት ጓጉንቸር ሠሪ ማለት ነው፤ እንጀራው እሱ ነበር። አንድ ጓጉንቸር ከነመክፈቻው የአራት ቅንጣት እህል ክብደት ብቻ አድርጎ ሠርቷል ይባላል። ያውም አንድ ዓይኑ ታማሚ ሆኖ! (እኛ ዘንድ ብረት የሚሠራን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት ዛሬም አልጠፋም። ይህን ታሪክ ለእነሱም ንገሯቸው።)

ኢልም ፍለጋ ሲነሣ ዕድሜው 30 ነበር፤ 40 የሚሉም አሉ። መርው ውስጥ አንድ ሸይኽ ዘንድ ሄደ። ሸይኹ የኢማም አል-ሙዘኒን የፊቅህ ኪታብ ከፍተው ከመግቢያው ሦስት ቃል ሰጡት። ሦስት ብቻ። ቀፋል ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከዒሻእ እስከ ፈጅር እነዚያኑ ሲደጋግም አደረ። ሊነጋ ሲል እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ሦስቱም ጠፍተዋል!

ለሸይኹ ምን ልበላቸው እያለ ተጨንቆ ከቤቱ ወጣ። አንዲት ጎረቤቱ አገኘችውና፣ ሌሊቱን ሙሉ እነዚያን ቃላት እየደጋገመ እንቅልፍ እንደነሳቸው ነገረችው። ቃላቱንም አንድ በአንድ ጠራቻቸው። እሱ አድሮባቸው የጠፉበትን እሷ ተኝታ ይዛቸዋለች። ከእሷ አፍ ተቀብሎ ወደ ሸይኹ ሄደና የሆነውን ሁሉ አወራቸው። እሳቸውም ይህ ከመማር እንዳያግደው፣ ሙጥኝ ብሎ ከደጋገመ ልማድ እንደሚሆንለት ነገሩት።

አንተ ፍጥነት የምትለው ነገር ይኸው ነው። ልጁ የሚያንበለብለው ሐርፉ እንደ ጎረቤቱ ፊት ስለለመደው ነው፤ ገና ሲያየው ያውቀዋል። አንተ ግን አዲስ ገጽ ለመያዝ ስትሮጥ ሁሉም እንግዳ ይሆንብሃል። ትናንት የቀራኸውን ዛሬ ደግመህ፣ ነገም ደግመህ ቅራው፤ ምላስህ ሲፈታ ራስህ ታየዋለህ። እስከዚያው ድረስም አልከሰርክም። ቁርኣንን እየተንተባተበና እየከበደው የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ነግረውናል።

ቀፋል ተመልሶ ሄደ፤ ደጋገመም። በኋላ በአቡ ዘይድ አል-መርወዚ እጅ ፊቅህን ተማረና የኹራሳን ሻፊዒዮች አውራ ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዱ አቡ ሙሐመድ አል-ጁወይኒ ነው፤ የእሱ ልጅ ኢማሙል ሐረመይን ደግሞ የአል-ገዛሊ አስተማሪ ነው። እዚሁ ወሎ ውስጥ የሻፊዒ ፊቅህ የሚቀሩ ደረሶች የሚይዙት የኢማም አን-ነወዊ ሚንሃጅም የእነዚያን የኹራሳን ዑለማዎች ቃል የተሸከመ ኪታብ ነው። ሦስት ቃል መያዝ ያቃተው ሰው እስከ ደጃችን ደርሷል ማለት ነው።

ደርስ እየሰጠ ሳለ ብዙ ጊዜ ያለቅስ ነበር ይላሉ፤ ቀና ይልና የሰው ልጅ ከፊቱ ከሚጠብቀው ነገር ምን ያህል እንደተዘናጋ ይናገራል። በ417 ዓመተ ሒጅራ፣ በ90 ዓመቱ ወደ አኺራ ሄደ። ሸምግሎ፣ ከየአገሩ ተማሪ ሲጎርፍለትም የጓጉንቸር ሥራው ጠባሳ ከእጁ ላይ አልጠፋም ነበር። ሲጠይቁት የወጣትነት ሥራዬ ነው ይላቸዋል። ረሒመሁላህ።