ኤድዊን ላንድ እና የአንድ ደቂቃው ፎቶግራፍ

ለፎቶግራፍ ባለሙያ ስለ ጨለማ ክፍል ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ፊልሙ እስኪታጠብ፣ ወረቀቱ እስኪታተምና እስኪደርቅ ድረስ ተነሺው ቀጠሮ ተሰጥቶት ይሄድ ነበር። ይህን ቀጠሮ ያስቀረው አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ነው።

ላንድ በ1909 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኮኔቲከት ግዛት፣ በብሪጅፖርት ከተማ ተወለደ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ በዚያም ቀን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እያነበበ፣ ሌሊት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሾልኮ እየገባ፣ አንጸባራቂ ብርሃንን የሚያጣራ ስስ ንጣፍ ለመሥራት በቃ። በ1937 ያቋቋመው የፖላሮይድ ኩባንያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ንጣፍ ነው።

በ1943 ለዕረፍት ሳንታ ፌ ሳለ የሦስት ዓመት ልጁ፣ ያነሣትን ፎቶግራፍ ወዲያው ለማየት ያልቻለችው ለምን እንደ ሆነ ጠየቀችው። ሌላ አባት ቢሆን በከረሜላ አባብሎ ባለፋት ነበር። ላንድ ግን በከተማዪቱ ሲዘዋወር የአሠራሩ ዋና ሐሳብ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ እንደ ተገለጠለት ይተርካል። ሐሳቡ የሰዓት ቢሆንም ሥራው ዓመታት ፈጅቷል።

በኔጋቲቩና በተቀባዩ ወረቀት መካከል ወፍራም ኬሚካል የያዘች ትንሽ ከረጢት ትቀመጣለች። ፊልሙ በሁለት ዘንጎች መካከል ተጨምቆ ሲወጣ ከረጢቷ ትፈነዳና ኬሚካሉ በእኩል ይነጠፋል፤ ብርሃን ያልነካው የብር ጨው ሟሙቶ ወደ ወረቀቱ ይሻገርና ምስሉን ይሠራል። ጨለማ ክፍሉ ካሜራው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ላንድ ግኝቱን በየካቲት 1947 ለሳይንቲስቶች አሳየ። በኅዳር 1948 ቦስተን በሚገኝ ትልቅ መደብር ለገበያ የቀረቡት ካሜራዎች በመጀመሪያው ቀን ተሸጠው አለቁ። ቡናማው ምስል በ60 ሴኮንድ ይደርስ ነበር። ባለ ቀለሙ ፊልም በ1963፣ ፎቶግራፉን ራሱ የሚያወጣው ኤስ ኤክስ 70 ደግሞ በ1972 ተከተሉ።

ብዙዎች የተወዳጅነቱ ምክንያት ፍጥነቱ ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ ጸሐፊ አይስማማም፤ ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዲጂታል ካሜራ ጨርሶ ባጠፋው ነበር። አብዛኛው የፖላሮይድ ፎቶግራፍ ሊባዛ የሚችል ኔጋቲቭ የለውም፤ አንድ ብቻ ነው። አንሺና ተነሺ ጐን ለጐን ቆመው ምስሉ ሲወጣ ያያሉ፤ ከዚያም አንደኛው ለሌላው ይሰጠዋል።

ሁልጊዜ ግን ለስጦታ አልዋለም። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን ለሚቈጣጠርበት የይለፍ ደብተር በዚሁ ፎቶግራፍ ተገልግሏል። የኩባንያው ጥቁር ሠራተኞች በ1970 ተቃውሞ አስነሡ፤ ኩባንያው ከዚያ አገር ንግዱን ያቋረጠው ግን በ1977 ነው።

በዚያው ዓመት ላንድ ያወጣው ፈጣን ተንቀሳቃሽ ፊልም በቪዲዮ ተሸንፎ ከባድ ኪሣራ አመጣ። በ1980 የሥራ አመራሩን ለቀቀ፤ በ1982 ከመሠረተው ኩባንያ ፈጽሞ ወጣ፤ መጋቢት 1 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ኩባንያው በ2001 ከሰረ፤ በ2008 ፊልም መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። በኔዘርላንድ ኤንስኬዴ ከተማ የነበረው ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል ጥቂት ሰዎች፣ ከነባር ሠራተኞቹ ጋር ሆነው መሣሪያዎቹን አዳኑ። የቀድሞዎቹ ኬሚካሎች ስላልተገኙ ቅመማውን እንደ አዲስ ጀመሩት። በ2010 ያወጧቸው የመጀመሪያ ፊልሞች ምስላቸው የደበዘዘ፣ ከካሜራው ሲወጡም ከብርሃን በእጅ መከለል የሚያስፈልጋቸው ነበሩ፤ ገዥ ግን አላጡም።