ዋልት ዲስኒና የማያልቀው መናፈሻቸው

ሰው የለመደውን ነገር ሲለውጡበት ደስ አይለውም። ያደገበት ሰፈር መንገድ ሲሰፋ፣ የተማረበት ቤት ሲፈርስ፣ በልጅነቱ ሲወጣበት የነበረው ዛፍ ሲቆረጥ፣ ምንም እንኳ አዲሱ ከአሮጌው የተሻለ መሆኑን ቢያውቅ ቅር ይለዋል። ሆኖም ሁሉ እንደ ነበረ ይቅር ቢባል ሥራ ወደ ፊት አይራመድም። እንግዲህ ሕዝብ የወደደውን ነገር መለወጥ እንደምን ይቻላል? የትኛውን መንካት፣ የትኛውንስ መተው ይገባል? ይህን ጥያቄ ይዘን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ለመመልከት አስበናል። እኒህም ሰው አሜሪካዊው ዋልት ዲስኒ ናቸው። በሥዕል ፊልማቸው ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እኛ ግን ዛሬ ይልቁን ስለ መዝናኛ መናፈሻቸው እናነሣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋልት ዲስኒ በዲሴምበር 5 ቀን 1901 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ኤልያስ ዲስኒ በ1893 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሲዮን ግንባታ ላይ በአናጢነት የሠሩ ሰው ነበሩ። በ1906 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ማርሴሊን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ በእርሻ መኖር ጀመረ። ሕፃኑ ዋልት እንስሳትን መሣል የተለማመዱት፣ የባቡርንም ፍቅር ያሳደሩት በዚህች ከተማ ነው። እርሻው አልሳካ ስላለ ግን በ1911 ዓ.ም. ወደ ካንሳስ ሲቲ ተዛወሩ። በዚያም ዋልትና ወንድማቸው ሮይ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሡ፣ በክረምት በረዶ እየረገጡ ጋዜጣ ያድሉ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ዕድሜያቸው ያልደረሰውን የልደታቸውን ዓመት አስተካክለው ከቀይ መስቀል ማኅበር ገቡ፤ ፈረንሳይ አገር የደረሱት ግን ጦርነቱ ካቆመ በኋላ ስለ ነበረ በአምቡላንስ ነጂነት አገለገሉ።

ከዚያ ተመልሰው በ1922 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ ያቋቋሙት የሥዕል ፊልም ኩባንያ በዓመቱ ከሰረ። እሳቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ወደ ሆሊውድ ሄደው በ1923 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከሮይ ጋር አዲስ ኩባንያ አቋቋሙ። በ1927 ዓ.ም. ኦስዋልድ የሚባል የጥንቸል ሥዕል አውጥተው ተወደደላቸው። ነገር ግን የጥንቸሉ ሕጋዊ ባለቤት አከፋፋዩ ኩባንያ ስለ ነበረ በ1928 ዓ.ም. ጥንቸሉንም አብዛኞቹን ሠዓሊዎቻቸውንም ተነጠቁ። በደከሙበት ነገር ላይ የሌላ ሰው እጅ ሲያዝዝ ማየት ምን ያህል እንደሚያቃጥል ያን ጊዜ ተረዱት። ሆኖም ሲያለቅሱ አልተቀመጡም፤ ከባልደረባቸው ከአብ አይወርክስ ጋር ሆነው ሚኪ ማውስ የተባለውን አይጥ ፈጠሩ። አይጡ ድምፅ ባለው ፊልም በኒውዮርክ በኖቬምበር 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲታይ ስማቸው በአንድ ጊዜ ገነነ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ የበረዷማዋን ልጅ የስኖው ኋይትን ታሪክ በረጅም የሥዕል ፊልም አወጡ።

ታላቅ ሰው ሁሉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በ1941 ዓ.ም. ሠዓሊዎቻቸው ስለ ደመወዝና ስለ ሠራተኛ ማኅበር አድማ ባደረጉ ጊዜ ዋልት ዲስኒ ነገሩን እንደ ክህደት ቈጠሩት፤ ቂሙም ለብዙ ዘመን ከልባቸው አልወጣም። በ1946 ዓ.ም. ያወጡት አንድ ፊልም ደግሞ ከሞቱ በኋላ እንኳ ጣጣ አመጣ። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

የመናፈሻው ሐሳብ የተፀነሰው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ዋልት ዲስኒ ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን በሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ወደሚባለው መናፈሻ ይወስዱ ነበር። ልጆቹ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ ሲጫወቱ አባት ከወንበር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ንጹሕ ስፍራ ለምን አይኖርም? ሲሉ አሰቡ። በ1951 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ከ1843 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ቲቮሊ የተባለውን መናፈሻ ጐብኝተው የአበባውን፣ የመብራቱንና የንጽሕናውን ነገር አደነቁ።

ገንዘቡን ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ባንኮች አላመኗቸውም፤ ወንድማቸው ሮይም መጀመሪያ አመነቱ። ስለዚህ የሕይወት ዋስትናቸውን አስይዘው ተበደሩ፤ ከዚያም ከአንድ የቴሌቪዥን ኩባንያ ጋር ተዋውለው የተረፈውን አሟሉ። በአናሃይም ከተማ አጠገብ 65 ሄክታር ያህል የብርቱካን እርሻ ተገዝቶ ሥራው በጁላይ 1954 ዓ.ም. ተጀመረ፤ 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈስሶበትም በጁላይ 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ዲስኒላንድ ተከፈተ። የመክፈቻው ቀን አሳፋሪ ነበር፤ በሐሰት ቲኬት ብዙ ሰው ገባ፣ አዲሱ አስፋልት በሙቀት እየለሰለሰ የሴቶችን ጫማ ያዘ፣ የሚጠጣ ውሃም አነሰ። ይሁን እንጂ ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ሰው ገብቶ ጐበኘው።

አሁን ከተነሣንበት ጥያቄ ደረስን። ዋልት ዲስኒ ፊልምን ከመናፈሻ ለይተው ያዩ ነበር። ፊልም አንድ ጊዜ ተጠናቅቆ ከወጣ በኋላ ስሕተቱን ቢያዩም ማረም አይቻልም፤ መናፈሻ ግን እንደ ዛፍ ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ሲከረከምና ሲተከል ይኖራል፤ ስለዚህም መናፈሻቸው አንድም ቀን አልቋል እንደማይባል አስታወቁ። ከእሳት አደጋ ጣቢያው በላይ ትንሽ መኖሪያ አሠርተው ስለ ነበረ በመናፈሻው ውስጥ እየተዘዋወሩ የሰውን ፊት ይመለከቱ፣ የሚናገረውንም ያደምጡ ነበር።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ጃንግል ክሩዝ የተባለው በዱር ወንዝ ላይ የሚደረገው የጀልባ ጉዞ ነው። የአፍሪቃን፣ የእስያንና የደቡብ አሜሪካን ወንዞች በአንድነት የሚያሳይ ነበር። ዋልት ዲስኒ መጀመሪያ ሕያዋን አራዊት ሊያኖሩበት አስበው ነበር፤ ነገር ግን አራዊት ቀን ቀን ይተኛሉ፣ ከሰውም ይሸሸጋሉ ተብሎ ስለ ተመከሩ በመኪና የሚንቀሳቀሱ ጉማሬዎችና አዞዎች ተሠሩ። ጀልባ ነጂዎቹም እንደ መምህር ሆነው ስለ እንስሳቱ ቁም ነገር ያስረዱ ነበር። እንደሚተረከው፣ አንድ ቀን ዋልት ዲስኒ አንዲት እናት ልጇን፣ ይህን ባለፈው ጊዜ አይተነዋልና እንለፈው ስትለው ሰሙ። ቃሉ ከልባቸው ገባ። ማርክ ዴቪስ የሚባሉትን ሠዓሊ ጠርተው ሥራውን እንዲመረምሩት አደረጉ። በ1962 ዓ.ም. በኩሬ ውስጥ እየተረጫጩ የሚታጠቡ ዝሆኖች ተጨመሩ፤ በ1964 ዓ.ም. አውራሪስ ያባረራቸው አዳኞች እንጨት ላይ ሲንጠላጠሉ የሚያሳይ ትርኢት መጣ። ትምህርቱ ወደ ሣቅ ተለወጠ። ልብ እንበል፤ ወንዙን አልደፈኑትም፣ ጀልባውን አልሻሩትም፣ ዛፎቹን አልቈረጡም። ሰው የወደደውን ዐጥንት ትተው የደከመውን ሥጋ ለወጡ።

በ1956 ዓ.ም. የሠሩትንም የማዕድን ባቡር እንዲሁ በ1960 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው ሠራሽ እንስሳት ጨምረው አደሱት። ከዚህም ሌላ በኤሌክትሪክ የሚዘምሩ አዕዋፍን በ1963 ዓ.ም. አሳዩ፤ በ1964 ዓ.ም. በተከፈተው የኒውዮርክ ኤግዚቢሲዮንም አራት ትርኢቶች አቀረቡ። ለብዙ ዘመን ሲጋራ ያጨሱ ስለ ነበር የሳንባ ካንሰር ይዟቸው በዲሴምበር 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። ስለ ባሕር ወንበዴዎች ያዘጋጁት ታላቅ መጫወቻ የተከፈተው ከሞቱ ከሦስት ወር በኋላ ነው። በፍሎሪዳ የወጠኑትን ሁለተኛ መናፈሻ ወንድማቸው ሮይ በ1971 ዓ.ም. ከፍጻሜ አድርሰው በዚያው ዓመት ሞቱ።

ባለቤቱ በሕይወት ሳለ መለወጥ ቀላል ነው፤ የሚቈጣ ቢኖር ባለቤቱ ፈቀደ ይባላልና። ከሞተ በኋላ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ መታሰቢያ ይሆናል። ይህ የታየው ስፕላሽ ማውንቴን በተባለው መጫወቻ ነው። በ1989 ዓ.ም. በዲስኒላንድ ተከፈተ፤ ግንድ በሚመስል ጀልባ ተቀምጠው በተራራ ውስጥ ይጓዙና በመጨረሻ ከ15 ሜትር በላይ ከሚሆን ከፍታ ወደ ውሃ ይወረወራሉ። ብዙዎቹ የእንስሳት ምስሎች ራሳቸው አሜሪካ ሲንግስ ከተባለ ሌላ የተዘጋ ትርኢት የመጡ ነበሩ። የተመሠረተው ግን ቀደም ብለን በጠቀስነው በ1946 ዓ.ም. በወጣው ሶንግ ኦፍ ዘ ሳውዝ በተባለው ፊልም ላይ ነው።

የፊልሙ ተረቶች በባርነት የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሲተርኳቸው የኖሩ፣ በብልሃቱ ኀያላኑን ስለሚያታልል ጥንቸል የሚናገሩ ናቸው። ፊልሙ ግን የጥቁሮቹን ኑሮ ከነጭ ባለርስቶች ጋር በደስታ ብቻ እንዳሳለፉት አስመስሎ ስላሳየ በወጣበት ጊዜ እንኳ የጥቁሮች መብት ማኅበር ተቃወመው። ዋናው ተዋናይ ጄምስ ባስኬት በአትላንታ ከተማ ፊልሙ ሲመረቅ በዘር ልዩነቱ ሕግ ምክንያት ሊገኙ አልቻሉም። ዋልት ዲስኒ ለእኒህ ተዋናይ ልዩ የኦስካር ሽልማት እንዲሰጣቸው ደክመው በ1948 ዓ.ም. ተሰጣቸው፤ ይህ ለሰውዬው ክብር ሆነ፤ የፊልሙን ጥፋት ግን አላረመውም። ኩባንያው ራሱ ከ1986 ዓ.ም. በኋላ ፊልሙን በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች አላሳየም፤ መጫወቻው ግን ይሠራ ነበር።

በጁን 2020 ዓ.ም. በአሜሪካ የጥቁሮች በደል ብዙ ሰው ባስነሣበት ሰሞን መጫወቻው ወደ ልዕልት ቲያና ታሪክ እንዲለወጥ መወሰኑ ተነገረ። ቲያና በ2009 ዓ.ም. በወጣው ፊልም የታየች፣ የዲስኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት ናት። ለውጡን የሚደግፉም የሚቃወሙም ሺሕ በሺሕ ፈረሙ። በ2023 ዓ.ም. በፍሎሪዳም በካሊፎርኒያም ሲዘጋ፣ ውሃውን በጠርሙስ ቀድተው ለገበያ ያቀረቡ ሰዎች እንኳ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚበዙት ስለ አሮጌው ፊልም አያውቁም፤ የሚያስታውሱት የእናትና የአባታቸውን ሣቅ ነው።

ሥራውም ቢሆን ቀለም እንደ መቀባት አልቀለለም። የውሃው መንገድ፣ መውጫውና መውረጃው በሲሚንቶ የተሠራ ስለ ሆነ አይነቃነቅም። በአሮጌው ታሪክ ጥንቸሉ በቀበሮ ተይዞ ወደ እሾኽ ቊጥቋጦ ስለሚጣል የጀልባው ውድቀት ምክንያት ነበረው። አዲሱ ታሪክ ግን ለበዓል ሙዚቀኞች ፍለጋ በረግረግ ውስጥ ስለሚደረግ ጉዞ ነው፤ ማንም ማንንም አያሳድድም። እንግዲህ ሰዎቹ ስለ ምን ይወድቃሉ? መጫወቻው በ2024 ዓ.ም. በሁለቱም መናፈሻዎች በተከፈተ ጊዜ፣ ምስሎቹ አማሩ፣ ዘፈኑም ጣመ፤ ግን የሚያስፈራው ነገር ጠፋ ብለው ያዘኑ ተመልካቾች ነበሩ። በእኛ አስተያየት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ትችቱም እውነት ነበረው። ስሕተትን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ በባዶው ስፍራ የሚተካው ከወጣው ያላነሰ ኀይል ሊኖረው ይገባል።

በጃንግል ክሩዝም ላይ ጦር የያዙ ጥቁር ሰዎችና የተኰማተረ የሰው ራስ የሚሸጥ የዱር ነጋዴ ይታዩ ነበር። አፍሪቃዊ አባት ልጁን ይዞ በዚያ ጀልባ ቢቀመጥ፣ ሌላው ሲሥቅ እሱ ምን ብሎ ለልጁ ያስረዳ ነበር? እነዚህ ምስሎች በ2021 ዓ.ም. ተወግደው በእንጨቱ ላይ የተንጠላጠሉት ሰዎች በልዩ ልዩ አገር መንገደኞች ተተኩ፤ ዝሆኖቹና የነጂዎቹ ቀልድ ግን ቀሩ። ይህኛው ለውጥ ከሌላው ይልቅ የዋልት ዲስኒን መንገድ የተከተለ ይመስለናል።

እኛ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሥራ ስንገባ የምናገኘው ሌሎች የሠሩትን ነው። አንዳንዶቻችን ሁሉን አፍርሰን እንደ ገና ለመሥራት እንቸኩላለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ አለቃ ያቆየውን መንካት ነውር ይመስለናል። ዋልት ዲስኒ ከሁለቱም ወገን አልነበሩም። ወንበራቸውን ትተው በሕዝቡ መካከል ተዘዋወሩ፤ የአንዲት እናት ቃል ሲሰሙም የራሳቸውን ሥራ ለማረም አላፈሩም። ያልሰሙት የጥቁሮቹን ተቃውሞ ነው፤ ለዚያም ዕዳውን የከፈሉት ከእሳቸው በኋላ የመጡት ናቸው። እንግዲህ አንድ የተወደደ ነገር ከእጃችን ሲገባ ማን እንደሚወደው ብቻ ሳይሆን ማን ዝም ብሎ እንደሚያዝንበትም እንጠይቅ።