ቋንቋውን ዳግመኛ የተማረው ሐኪም

ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት በድሬዳዋ ገበያ፣ እንግዳ ሰው ድምፁን ይሰማል እንጂ ቃሉን አይለይም። ይህ ነገር በገዛ አገራቸው የደረሰባቸው ሰው አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው።

በጐንደር የተወለዱት ወርቅነህ፣ በ1868 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኰንን ወደ ህንድ ተወሰዱ። ቻርልስ ማርቲን ተብለው፣ በላሆር ሕክምና ተምረው በ1899 አዲስ አበባ ሲገቡ ዘመዶቻቸው በጠባሳቸው ለይተው አወቋቸው። እርሳቸው ግን ንግግራቸውን የሚረዱት በአስተርጓሚ ነበር፤ ያልተደጋገመ ቃል ከጆሮ ይጠፋልና።

የጠፋውም የሚመለሰው በመደጋገምና በአገባብ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። አዲስ ጆሮ ይህን ባይለይ እንኳ «ቡና አለ» ሲባል ከጐኑ ባለው ቃል ትርጕሙን ይገምታል፤ ደጋግሞ ሲሰማው መገመቱ ይቀራል።

ሐኪም ወርቅነህም አማርኛን ዳግመኛ ተምረው፣ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ያለውን ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በ1935 በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1952 ሲያርፉ፣ ያ በአስተርጓሚ ይሰማ የነበረ ሰው የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፎ ለተማሪዎች ትቶ ነበር።