ከቀልዱ ባሻገር፦ መምህር ገብረ ሐና

የአለቃ ገብረ ሐናን ስም የማያውቅ በመካከላችን ይኖራል ብለን አናስብም። በመኝታ ቤትም ሆነ በሻይ ክበብ ስማቸው ከተነሣ ሣቅ ይከተላል። ዛሬ ግን ቀልዱን ወደ ጎን ትተን፣ የሙያ ባልደረባችን ስለሆኑት ስለ መምህር ገብረ ሐና ጥቂት እንጫወት። እኚህ ሰው ካስተማሩና ስማቸው ከገነነ በኋላ፣ በጉልምስና ዘመናቸው እንደገና ተማሪ የሆኑ ናቸው።

አለቃ በ1814 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው አጥቢያ እንደተወለዱ ይነገራል። ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም ተሻገሩ። ከዚያም ጎንደር ከተማ ገብተው ሐዲሳትን፣ ፍትሐ ነገሥትን፣ ባሕረ ሐሳብንና አቋቋምን ተማሩ። በጎንደር በአታ ማስተማር ሲጀምሩ ገና ወጣት ነበሩ። በአታ ደግሞ በዋዛ የሚታይ ደብር አይደለም፤ የጎንደር አቋቋም የሚመሰከርበት ነው።

አቋቋም ማለት ካህናቱ በአንድ እጃቸው ጸናጽል፣ በሌላው መቋሚያ ይዘው፣ ከበሮው እየተመታ በዜማው ልክ የሚንቀሳቀሱበት ሥርዓት ነው። ጸናጽሉ ከነሐስ ወይም ከብር ይሠራል። ዳር ቆሞ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ታዲያ አንድ ጸናጽል ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢጮህ ማኅሌቱ በሙሉ ይሰማዋል። እጅ፣ እግር፣ ወገብና ጆሮ አብረው የሚማሩት ስለሆነ ዓመታት ይፈጃል።

የአለቃ ኑሮ በዚሁ አልቀጠለም። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ሳይስማሙ ቀሩና ወደ ትግራይ ተሰደዱ። ጎንደርም ብትሆን ክፉ ቀን መጣባት፤ በ1859 ዓ.ም. ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። አለቃ ከትግራይ በኋላ የተጠጉት ጣና ሐይቅ ላይ ወደሚገኘው ወደ ሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም ነበር።

እንደሚተረከው፣ እዚያ ሳሉ ማዕበሉ ወደ ዳር መጥቶ ሲመለስ፣ ደንገሉም በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲል አተኩረው ይመለከቱ ነበር። ከዚያም አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ፤ ሰውነት ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንደ ውሃው የሚወዛወዝበት።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ጎልምሶ የነሐስ መለከት መንፋት የጀመረ ሰው ግን ችግሩን ያውቀዋል። ከንፈሩ ቶሎ ይዝላል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በሰው ፊት መሳሳቱ ነው። ሕፃን ቢሳሳት ይሥቃል፤ ትልቅ ሰው ቢሳሳት ያፍራል። የአለቃ ነገር ከዚህም ይከብዳል። መለከት ጀማሪው ከባዶ ይነሣል፤ እሳቸው ግን ለዓመታት ሰውነታቸው የለመደውን፣ ለሌላውም ሲያስተምሩ የኖሩትን እንቅስቃሴ ትተው በሌላ መተካት ነበረባቸው። ለትልቅ ሰው የሚያግዘው አንድ ነገር አለ፤ ለምን እንደሚማር ያውቃል፣ ስሕተቱንም ማንም ሳይነግረው በራሱ ጆሮ ይሰማል።

አለቃ አዲሱን ዝማሜ ለጎንደር ሊቃውንት ቢያቀርቡ አልተቀበሏቸውም። እኛ በእነዚያ ሊቃውንት አንፈርድም። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሳይዛነፍ የመጣን ሥርዓት መጠበቅ አደራቸው ነበር። ከተማቸው ያን ያህል ጥፋት ስላየች፣ የቀረውን አጥብቀው ቢይዙ ምን ይገርማል?

አለቃም ተስፋ ቆርጠው አልተዉትም፤ ልጃቸውን ተክሌን አስተማሩ። ተክሌ ደግሞ በደብረ ታቦር ለሌሎች አስተማረ፣ ከዚያም ስልቱ በየአገሩ ተስፋፋ። ዛሬ ተክሌ አቋቋም ከጎንደሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሰጥ ትምህርት ነው። ልብ በሉ፤ መጠሪያው ተክሌ እንጂ ገብረ ሐና አይደለም። ትምህርቱ የሚጠራው ባፈለቀው ሳይሆን ተቀብሎ ባሻገረው ስም ነው። አለቃ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትም ሲከበሩና ሲያሥቁ ኖረው በ1898 ዓ.ም. ማረፋቸው ይነገራል። ለሕዝቡ የቀረለት ቀልዳቸው ሲሆን፣ ለማኅሌቱ የቀረለት ግን ያ ዝማሜ ነው።

ውድ እጩ መምህራን፣ ይህን ያነሣነው በምክንያት ነው። ከመካከላችን ዳባት፣ ደባርቅ ወይም ጃናሞራ የሚመደብ ይኖራል። እዚያ ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡ ተማሪዎች ይገጥሙናል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኮ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ፊደል ቆጥረዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ ሲሳሳት ከተሣቀበት በማግስቱ አይመለስም። ስለዚህ ሣቁን እንጠብቅለት፣ ጊዜም እንስጠው።

ያዘጋጀነው አዲስ የማስተማሪያ ዘዴም በነባር መምህራን ዘንድ ወዲያው ላይወደድ ይችላል። ያን ጊዜ ከመጣላት፣ ለምን እንዳልተቀበሉት መጠየቅ ይበጃል። ቀጥሎም ዘዴውን አንድ ተማሪ አጥርቶ እስኪይዘው ድረስ ማስተማር ነው። አለቃም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በመምህራኖቻችን ዘንድ ደግሞ ዕድሜዬ አልፏል ብሎ ክራር ወይም መለከት ከመጀመር ያፈገፈገ ካለ፣ የሬማውን ደንገል ያስብ እንላለን።