የዶክተር አሎይስ አልዛይመር አጭር የሕይወት ታሪክ

በአገራችን ሽማግሌ የነገር መዝገብ ነው። የመሬት ወሰን፣ የዘር ሐረግ፣ የዕርቅ ሥርዓት የሚጠየቀው ከርሱ ነው። ዳሩ ግን በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አንዳንድ አያት የልጅ ልጃቸውን ስም ሲዘነጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በተመላለሱበት ጀፎረ ላይ መንገድ ሲጠፋቸው፣ ጃጁ ተብለው ይተዋሉ። እንዲህ ያለው መርሳት የአንጎል በሽታ ሊሆን እንደሚችል በማይክሮስኮፕ አይተው ያሳዩትን ሐኪም ታሪክ ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን፤ ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዶክተር አሎይስ አልዛይመር በ1864 ዓ.ም. በጀርመን አገር ማርክትብራይት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1887 ከተመረቁ በኋላ፣ በ1888 በፍራንክፈርት ከተማ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ቀን ሕሙማንን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው የአንጎልን አሠራር ይመረምራሉ።

በ1901 ባለቤታቸው ሦስት ልጆች ትተው ሞቱባቸው። በዚሁ ዓመት በኖቬምበር ወር አውግስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ሴትዮዋ የገዛ ስማቸውን መጻፍ ጀምረው ይረሱት ነበር፤ የሚበሉትንም ምግብ ስም ያሳስቱ ነበር። ዶክተሩ አጠገባቸው ተቀምጠው እየጠየቁ መልሳቸውን አንድ በአንድ መዘገቡ።

ዶክተር አልዛይመር በ1903 ወደ ሙኒክ ተዛወሩ፤ ሕመምተኛዋን ግን አልዘነጉም። በ1906 ሴትዮዋ ሲሞቱ አንጎላቸው ተልኮላቸው በብር ውሕድ እያቀለሙ መረመሩት። የአንጎሉ ቅርፊት ሳስቷል፤ በሴሎቹ ውስጥ የተወሳሰቡ ክሮች፣ በሴሎቹ መካከልም የባዕድ ነገር ክምችት ይታያል። ነርቮችን የሚደግፉት ግሊያ የሚባሉት ሴሎችም ተለውጠዋል። ይህንኑ በኖቬምበር 3 ቀን 1906 በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ቢገልጹ ጥያቄ ያቀረበ አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1910 ታዋቂው ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን በመጽሐፋቸው በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠሩት።

ዶክተር አልዛይመር በ1912 በብሬስላው ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ፤ ነገር ግን ታመው በ1915 በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ዕድሜያቸው አውግስተ ዴተር ወደ ሆስፒታል ሲገቡ ከነበራቸው ዕድሜ ጋር አንድ ነበር።

እርሳቸው ያዩት ነገር ምንነት የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከሴሎቹ ውጭ የሚከማቸው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን መሆኑ በ1984 ተለየ፤ በውስጥ የሚወሳሰበውም ታው የሚባል ፕሮቲን ነው። ማይክሮግሊያ የሚባሉት ሴሎች የአንጎል ዘበኛና ጠራጊ ናቸው። ክምችቱን ሊያጸዱ ይነሣሉ፤ ቁጣቸው ሳይበርድ ሲቆይ ግን ጤነኛውንም ነርቭ ይጎዳሉ። ይህ የአንጎል መቆጣት በሽታውን ያባብሳል። እስከ ዛሬ በሽታውን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም፤ ሆኖም በ2023 አሚሎይድን የሚቀንስና ገና በጀመራቸው ሕሙማን ላይ የበሽታውን ጉዞ በጥቂቱ የሚያዘገይ መድኃኒት በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል።

እንግዲህ የቤታችን ሽማግሌ አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ቢጠይቁን አንሣቅባቸው፤ ከሰውም አንደብቃቸው። ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው፤ የመርሳት ምክንያት ሁሉ አንድ አይደለምና፣ ሊታከም የሚችልም አለበት። መልሱንም እንደ ዶክተር አልዛይመር አጠገባቸው ተቀምጠን በትዕግሥት እንስጣቸው።