ሎርድ ኬልቪንና የሙቀት ፓምፕ

ቆሰበራችን ብርዳም አገር መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ብርዱን የምናስታግሰው በእሳት ነው፤ ለእሳቱም ዛፍ ይቆረጣል። ነገር ግን ሙቀትን ከቀዝቃዛ አየር እንኳ መቅዳት እንደሚቻል ያስተማረ ሊቅ ስለ ነበረ፥ ታሪኩን ባጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊቁ ዊልያም ቶምሰን ይባላል። በ1824 በአየርላንድ፥ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። እናቱ በልጅነቱ ሞተችበት፤ አባቱ የሒሳብ መምህር ስለ ነበረ ልጆቹን ራሱ አስተማረ። ቶምሰን በ10 ዓመቱ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ22 ዓመቱም በዚያው ፕሮፌሰር ሆኖ ከ50 ዓመት በላይ አስተማረ። ተማሪዎቹ በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩም በአሮጌ የወይን ጠጅ ምድር ቤት ላቦራቶሪ ከፈተላቸው።

በ1852 አንድ አዲስ መኪና በጽሑፍ ገለጸ። ሥራውም እንዲህ ነው፦ አየር በሲሊንደር ውስጥ ሲለጠጥ ከውጭው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ በብረት ዕቃ ውስጥ ሆኖ ከውጭው አየር ሙቀት ይቀበላል። ሁለተኛው ሲሊንደር ሲጨምቀው ሞቆ ወደ ቤት ይገባል። እንግዲህ ጉልበቱ የሚውለው ሙቀትን ለማጓጓዝ ስለ ሆነ፥ በጥቂት ማገዶ ብዙ ሙቀት ይገኛል። ዛሬ የሙቀት ፓምፕ የምንለው ይኸው ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የዚያ የብረት ዕቃ ነገር ነው። እናቶቻችን አረቄ ሲያወጡ፥ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል፤ ውሃው ሞቆ ካልተለወጠ ግን አረቄው ይቀንሳል። እንደዚሁም በሙቀት ፓምፕ ሙቀቱ የሚያልፍበት ገጽ ጠባብ ከሆነ መኪናው በከንቱ ይደክማል። ስለዚህ መሐንዲሶች ቱቦውን እያቀጠኑ፥ ብዙ ስስ የብረት ቅጠል ያለብሱታል። ገጹ ሲሰፋ ሙቀቱ በቀላሉ ስለሚያልፍ መጭመቂያው ይቀለዋል። በደኅና የተሠራ ፓምፕ ለ1 እጅ ኤሌክትሪክ 3 ወይም 4 እጅ ሙቀት ይሰጣል።

ይህ መኪና በቶምሰን ዘመን በቤቶች አልተስፋፋም። እርሱ ግን በአትላንቲክ ባሕር ሥር ስለ ተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ በ1866 የክብር ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1892 ሎርድ ኬልቪን ተባለ። በ1907 አርፎ በለንደን፥ በኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ። የሙቀት መለኪያም በስሙ ይጠራል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የማቀዝቀዣን ጀርባ ብትዳስሱ፥ ከውስጥ የወጣውን ሙቀት በእጃችሁ ታገኙታላችሁ፤ የኬልቪን ሐሳብ ይህን ያህል ቅርባችን ነው። ዛፋችን ሳይቆረጥ ቤታችን የሚሞቅበትን ብልሃት ከኛው ትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ ያሻሽለው ይሆናልና፥ ፊዚክስን ችላ አንበል።